ከሰንጠረዡ የቀሩት፦ የሶፍትዌር መሐንዲስነት ያስተማረኝ



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት በውጭ አገር፣ በአንድ ትልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያ፣ የሶፍትዌር መሐንዲስ ሆኜ ስላሳለፍኋቸው ዓመታት ነው። ከመሐል ሜዳ፣ ከራቤልና ከዓለም ከተማ የመጣችሁ ተማሪዎች ዘወትር የምትጠይቁኝ «እንዴት ይገባል?» ብላችሁ ነው። እኔ ግን ከገቡ በኋላ ስለሚመጣው ጥያቄ ልናገር።

ሥራው በአብዛኛው አዲስ ነገር መፍጠር አይደለም። የቀኑ እኩሌታ ሌሎች የጻፉትን ኮድ በማንበብ ያልፋል። የጻፋችሁት መስመር ሌላ መሐንዲስ ሳይገመግመው፣ ብዙ የሙከራ ደረጃ ሳያልፍ ለተጠቃሚ አይደርስም። በተራችሁ ሳምንት አገልግሎቱ በሌሊት ቢቋረጥ ከእንቅልፍ የምትነሡት እናንተ ናችሁ። ይህ ሥርዓት ትዕግሥትንና ጥንቃቄን ያስተምራል፤ ባለውለታው ነኝ። ነገር ግን ብዙው ውሳኔ የሚሰጠው በቁጥር ነው። ስንት ተጠቃሚ አለው? ስንት ያስገኛል? ስንት የማስታወሻ ቦታ ይወስዳል?

የእኔ ቡድን ሥራ በተንቀሳቃሽ ስልክ ላይ የጽሑፍ አቀራረብ ነበር። የዚያን ጊዜ ስልክ የማስታወሻ ቦታ ጠባብ ስለነበር የትኞቹ ፊደላት እንዲካተቱ፣ የትኞቹ እንዲቀሩ መወሰን ነበረበት። ፊደላቱን በተጠቃሚ ብዛት ደረጃ የሚያስቀምጠውን ሰንጠረዥ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። የግዕዝ ፊደል ከታች ነበር። መሥመሩ የተሰመረው ከእርሱ በላይ ነው። በስብሰባው ላይ አንድ ቃል አልተናገርሁም። ቁጥሩ ትክክል ነበርና ምን እላለሁ ብዬ አሰብሁ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለበዓል ወደ መንዝ መጣሁ። ታላቅ እኅቴ ስልኳን አምጥታ «አንተ እዚያ ስልኩ ቤት አይደል የምትሠራው? እስቲ ይህን አንብብልኝ፤ ልጅቷ አልሆነላትም» አለችኝ። ልጅቷ ግን ማንበብ አላቃታትም፤ የትምህርት ቤቷ መምህርም ሞክሮ ነበር። በመስኮቱ ላይ የነበረው የባዶ ሳጥን ረድፍ ብቻ ነው። ሶፍትዌሩ የእኛ ኩባንያ ነበር፤ ሳጥኖቹንም ከእኔ በላይ የሚያውቃቸው አልነበረም። መልእክቱ አዲስ አበባ ካለው ልጇ የተላከ ነበር፤ የሐኪም ቀጠሮዋ መራዘሙን የሚነግር። ያንን ሳታውቅ ሄዳ፣ ሳትታከም ተመልሳ ነበር። ለመኪናና ለማደሪያ የወጣው የአንድ በግ ዋጋ ነው። አልተቆጣችኝም። እኔም እውነቱን አልነገርኋትም። ዛሬ በአደባባይ የምናገረው ያን ቀን ዝም ስላልሁ ነው።

አሁን ሰንጠረዡን መለስ ብለን እንመርምረው። የአማርኛ ተጠቃሚ በስልክ ላይ ጥቂት የሆነው ለምንድን ነው? ፊደሉ በስልኩ ላይ ስላልነበረ ነው። ፊደሉስ ለምን አልነበረም? ተጠቃሚው ጥቂት ስለሆነ። ቁጥሩ ትክክል ነበር፤ የለካው ግን የሕዝቡን ፍላጎት ሳይሆን የእኛኑ የቀድሞ ውሳኔ ነው።

ይህን አዙሪት ለመስበር ብዙ ተደክሟል። እንደ ዶክተር አበራ ሞላና አቶ ፍስሐ አጥላው ያሉ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የግዕዝን ፊደል ለኮምፒውተር ለማብቃት ሠርተዋል። በዚያ ዘመን እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ለፊደላቱ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለነበር በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለ345 የግዕዝ ምልክቶች ዓለም አቀፍ ቁጥር ሰጠ። ሆኖም ቁጥር ማግኘት ማለት በየመሣሪያው መታየት ማለት አይደለም፤ የፊደል ቅርጽና የመጻፊያ ገበታ ያስፈልጋል። ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ የጉግል ትርጉም አማርኛን የጨመረው በ2016 ነው። ዛሬም በላቲን ፊደል አንድ አጭር የስልክ መልእክት 160 ፊደል ሲይዝ በአማርኛ የሚይዘው 70 ብቻ ነው።

ጉዳዩ የፊደል ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ የተወለደችው ዶክተር ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመችው ጥናት፣ ከፊት ገጽታ ጾታን የሚለዩ የታላላቅ ኩባንያዎች ፕሮግራሞች ቀላ ባሉ ወንዶች ላይ የሚሳሳቱት ቢበዛ 0.8 በመቶ ሲሆን፣ ጠቆር ባሉ ሴቶች ላይ ስሕተቱ እስከ 34.7 በመቶ እንደሚደርስ አሳይታለች። አማካዩን ብቻ ያየ መሐንዲስ ይህን አያይም።

የእኅቴ ቤት በጓሳ ሣር የተከደነ ነው። የመንዝ ጓሳ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በሕዝቡ ሥርዓት ሲጠበቅ የኖረ ቦታ መሆኑን ታውቃላችሁ። ከተጠቃሚዎቹ መካከል የተመረጡ አለቆች ሣሩን ለዓመታት ይዘጉት፣ ሲደርስም ይከፍቱት ነበር። ሥርዓቱ እንከን የለሽ አልነበረም፤ መብቱ ከአቅኚዎቹ አባቶች በመወለድ የሚገኝ ስለነበር እዚያም ከቆጠራው የቀሩ ነበሩ። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላም ተዳክሞ በሌላ መልክ እስኪቋቋም ቆይቷል። ነገር ግን አንድ ትልቅ ነገር ነበረው፦ ወሳኙ የራሱን ጎጆ የሚከድነው በዚያው ሣር ነው። ውሳኔው ቢበላሽ ዝናቡ በእርሱም ቤት ይገባል። በትልቅ ኩባንያ ውስጥ ግን ወሳኙ ዝናቡ የሚገባበትን ቤት አያየውም።

ውድ ተማሪዎች፤ ሂዱ አትሂዱ አልላችሁም፤ የምትሄዱ ትሄዳላችሁ። ነገር ግን ሰንጠረዥ ሲቀርብላችሁ፣ ወይም እናንተው ስታቀርቡት፣ «ከዚህ የቀረው ማን ነው? የቀረውስ ለምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄያችሁ ውሳኔውን ላይለውጠው ይችላል። ሆኖም በስብሰባው ቃለ ጉባኤ ላይ ይመዘገባል፤ ኋላ የሚመጣ መሐንዲስም ያገኘዋል። እኔ ያልጠየቅሁት በዚያ ቃለ ጉባኤ ላይ የለም።