የማሳው ነጥብ በማን እጅ ነው?



ውድ ተመራቂዎች፣ ከመካከላችሁ ታብሌት ይዞ ቡና ማሳ ውስጥ የሚቆም አይጠፋም። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ያጸደቀው የደን ጭፍጨፋ መከላከያ ሕግ፣ ወደዚያ የሚገባ ቡና የበቀለበት ማሳ ኬክሮስና ኬንትሮስ እስከ 6 የአስርዮሽ አሃዝ ተመዝግቦ እንዲቀርብ ያዛል። ስድስተኛው አሃዝ መሬት ላይ 11 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም። ሕጉ ለደን የወጣ ነው፤ አልቃወመውም።

የሚያሳስበኝ ከነጥቡ ጎን የሚጻፈው ነው፦ የአርሶ አደሩ ስም፣ ስልክ፣ የፋይዳ መታወቂያ ቁጥር፣ ያስረከበው ኪሎ። የአንድ ሰው ሲሆን ተራ ነገር ይመስላል። የብዙ ሺህ ሰው ሲጠራቀም ግን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከሳተላይት ምስል ጋር አገጣጥሞ ምርቱ የት እንደቀነሰ፣ ገንዘብ በየትኛው ወር በማን እጅ እንደሚገባ ሊገምት ይችላል። ያንን ከእኛ ቀድሞ ያወቀ ገዢ ለዋጋ ድርድር ሲቀመጥ፣ የሚጎዳው የአጋሮው ገበሬ ብቻ ነው? ቡና ከውጭ ምንዛሬ ዋና ምንጮቻችን አንዱ ነውና የአገርም ጉዳት ነው። የተጠራቀመ መረጃ አገርን ሲጎዳም ታይቷል፦ ስትራቫ የተባለው የስፖርት መተግበሪያ ያወጣው ካርታ የአሜሪካ ወታደሮች የሚሮጡባቸውን የጦር ሰፈሮች ማጋለጡ በጥር 2010 ዓ.ም. ታወቀ። የሰለላቸው አልነበረም፤ መረጃውን ያቀበሉት ራሳቸው ናቸው።

የአገር ደኅንነት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው መንግሥት ስለ ዜጋው ይበልጥ እንዲያውቅ ነው። እኔ አልስማማም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ ለደኅንነት ሲባል እንኳ የሚገደበው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና ዝርዝር ሕግ ሲፈቅድ ነው። በአንድ ቋት ተከማችቶ ጥበቃ ያልተደረገለት መረጃ ለጠላትም ለሌባም እኩል ክፍት ነው።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለታወቀ ዓላማ፣ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ሰብስቡ ይላል። የአውሮፓውም ሕግ ቢሆን ለቡና ከ4 ሄክታር ላነሰ ማሳ በአንድ ነጥብ ይረካል፤ በአጋሮ አካባቢ አብዛኛው ማሳ ከዚያ በታች ነው።

እናም ልጆቼ፣ ማሳ ስትገቡ አባባን በአፋን ኦሮሞ አስረዷቸው፤ ለምን እንደምትመዘግቡና ለማን እንደምትሰጡ ይወቁ። ዝርዝሩን በቴሌግራም ግሩፕ አትላኩ፤ ሥራ ስትለቁ በፍላሽ ይዛችሁ አትውጡ። አለቃችሁ ተጨማሪ መረጃ አምጡ ካላችሁ፣ የትኛው አንቀጽ እንደሚያዝ በትሕትና ጠይቁት።