ቀኗ የገባ ነፍሰ ጡር የት ትሰንብት?

ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር ስናይ ሁላችንም የምንጠይቀው «መቼ ትወልጃለሽ?» ብለን ነው። ሐኪም የሚነግራት ቀን የመጨረሻው የወር አበባዋ ከጀመረበት ዕለት 280 ቀን ተቆጥሮ የሚገኝ ግምት ነው፤ በዚያው ዕለት የሚወለዱት ሕፃናት ከመቶ 5 ያህል ብቻ ናቸው። ከ37ኛው እስከ 42ኛው ሳምንት የትኛውም ሌሊት የምጥ ሌሊት ሊሆን ይችላል። የሕፃኑ ጭንቅላት ወደ ታች ሲወርድ ትንፋሿ ይቀላል፣ ሽንቷ ይመላለሳል፤ መጥቶ የሚጠፋ ቁርጠት ያታልላታል፣ እውነተኛው ምጥ ግን እየተቀራረበና እየበረታ ይሄዳል። ይህን ማወቅ ይጠቅማል። ሆኖም ከመቶ ነፍሰ ጡሮች 15 ያህሉን የሚገጥመው ከባድ ችግር በማን ላይ እንደሚወድቅ አስቀድሞ አይታወቅም፤ ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። (አራስን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚል ሕዝብ ይህን ከሐኪም መማር አያስፈልገውም።) ቀኑን በትክክል ማወቅ ካልቻልን፣ የቀረን ቦታውን መምረጥ ነው።

በጉራጌ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1976 የእናቶች ማቆያ፣ ማለትም ቀናቸው የቀረበ ነፍሰ ጡሮች ሆስፒታሉ አጠገብ ሰንብተው ምጣቸውን የሚጠብቁበት ቤት፣ የከፈተው በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 በዚያ በተመዘገቡ ከ24 ሺህ በላይ ወሊዶች፣ በማቆያው ሰንብተው ከወለዱት መካከል የሞቱት እናቶች በሕይወት ከተወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 90 ገደማ ሲሆኑ፣ በቀጥታ ከመጡት ግን 1,333 ነበሩ። የቁጥር ሰው ወዲያው ይሞግታል፦ በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ምጥ ጠንቶባቸው፣ ነገር ከተበላሸ በኋላ የደረሱ ናቸውና ንጽጽሩ እኩያን ለእኩያን አይደለም። እውነት ነው፤ ልዩነቱ በሙሉ የማቆያው ውጤት ነው ማለት አይቻልም። ግን ተቃውሞው ራሱ የሚመሰክረው በቃሬዛ መንገድ ላይ ያለፈው ሰዓት ስንት ዋጋ እንዳለው ነው፤ ማቆያው የሚያስቀረውም ያንኑ ሰዓት ነው።

የበለጠ የሚከብደኝ ሌላው ተቃውሞ ነው፦ ቤቱን ማን ይያዝ? ልጆቹን ማን ያብላ? ሁለት ሳምንት ከቤት መራቅ ለገበሬ ሚስት ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ ለቀብር ድንኳን ተክሎ፣ ንፍሮ ቀቅሎ ቀናት የሚቀመጥ እድር፣ ለአንዲት ጎረቤት ከብት መጠበቅ ያቅተዋል ብዬ አላምንም። ማቆያው ግን ገንፎ የሚገነፋበት ማጀት፣ ውሃና ለአስታማሚዋ መኝታ ከሌለው፣ እናቲቱ ጥላው ወደ ቤቷ ብትመለስ ልንወቅሳት አንችልም።