ጭፈራውን ገታ አድርገን ቃሉን እንስማ



ቅዳሜ ማታ የሬጌ ዘፈን ሲሰማ ሁላችንም ለጭፈራ እንነሣለን። ዛሬ ግን እግራችንን ጥቂት ገታ አድርገን ቃሉን እናዳምጥ ዘንድ እንለምናችኋለን።

«ደብ» የሚባለው በጃማይካ የሸክላው ጀርባ ነው፤ ይኸውም የዘፋኙ ድምፅ ተቀንሶ ከበሮውና ቤዝ ጊታሩ ጎልተው የቀሩበት ነው። የደብ ገጣሚዎች በዚህ ምት ላይ የሕዝባቸውን ብሶት ተናገሩበት። ከእነርሱም አንዱ ሊንተን ክዌሲ ጆንሰን በ1952 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በጃማይካ ተወልዶ በ1963 ለንደን ገባ።

በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር በ1824 የወጣ ሕግ ይሠራበት ነበር። በዚህ ሕግ ፖሊስ በመንገድ ያገኘውን ሰው «ወንጀል ሊሠራ አስቧል» ብሎ በጥርጣሬ ብቻ ይይዘው ነበር፤ ከቁጥራቸው በላይ የሚያዙትም ጥቁር ወጣቶች ነበሩ። ጆንሰን በ1979 «የሶኒ ደብዳቤ» የተባለውን ግጥም በሸክላ አወጣ። በግጥሙ ውስጥ አንድ እስረኛ ለእናቱ ይጽፋል። አውቶቡስ ሲጠብቁ ፖሊሶች ታናሽ ወንድሙን ይዘው ደበደቡት፤ እርሱም ዝም ብሎ ማየት አልቻለም፤ በግብግቡም አንድ ፖሊስ ሞተ።

ሕጉን ግጥም ብቻውን አላሻረውም። ወላጆች ተሰብስበው ተሟገቱ፤ በሚያዝያ 1981 ብሪክስተን በዐመፅ ተናወጠች፤ በዚያው ዓመት ያ የሕግ ክፍል ተሻረ። ግጥሙ ግን የእናቲቱን ኀዘን ለማያውቋት ሁሉ አደረሰ።

የእኛ አዝማሪ ሹምን ሲነቅፍ በሰምና ወርቅ ይሸፍናል። ጆንሰን ግን ሳይሸፍን፥ ያውም «የተሰበረ እንግሊዝኛ» እየተባለ በተናቀው በጃማይካ ሕዝብ አፍ ተናገረ።

ነገሩ እኛንም ይነካል። ቦብ ማርሊ በ1976 ያወጣው «ጦርነት» የተባለው ዘፈን፥ ቃሉ በአብዛኛው የተወሰደው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1963 በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዘረኝነትን በመቃወም በአማርኛ ካደረጉት ንግግር ነው። በእኚሁ ንጉሠ ነገሥት ዘመን ግን «መሬት ለአራሹ» ያሉ ተማሪዎች ታስረዋል። እንግዲህ እውነተኛ ቃል ከአፍ ከወጣ በኋላ የተናጋሪው ብቻ አይደለም፤ የተናገረውንም ሳይቀር ይጠይቃል።

በሚመጣው ቅዳሜ እንጨፍር፤ ነገር ግን እየሰማን እንጨፍር። እኛስ በገዛ አፋችን የማንን ብሶት እንናገራለን?