በፖስታ መምረጥና በአካል መምረጥ፦ በወረርሽኝ ወቅት ጤናንም ድምፅንም ስለ መጠበቅ



ምርጫ ሰዎችን በአንድ ቦታ ያሰባስባል፤ ኮቪድ-19 ደግሞ ሰዎች በተሰባሰቡበት ሁሉ ይበረታል። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድም በዚያው ወር በ22ኛው ቀን፣ ለነሐሴ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ታቅዶ የነበረውን ጠቅላላ ምርጫ በወረርሽኙ ምክንያት በጊዜው ማካሄድ እንደማይቻል አስታወቀ። በ2013 ዓ.ም. የመራጮች ምዝገባ ሲጀመርም ወረርሽኙ አላበቃም ነበር። ስለዚህ የጤናው ጥያቄ «ይመረጥ ወይስ ይቅር?» የሚል አልነበረም። ጥያቄው «ማንም ሳይታመም፣ ማንም ከመምረጥ ሳይቀር እንዴት ይመረጥ?» የሚል ነበር።

አንዳንድ አገሮች ለዚህ የሰጡት መልስ በፖስታ ድምፅ መስጠት ነው። አሠራሩ የሚጀምረው ከምዝገባ ነው። መራጩ አስቀድሞ ስሙን፣ አድራሻውንና ፊርማውን ያስመዘግባል፤ የድምፅ መስጫ ወረቀቱም በአድራሻው ይላክለታል። በቤቱ ሆኖ ምልክት ካደረገ በኋላ ወረቀቱን በኤንቨሎፕ አሽጎ፣ በኤንቨሎፑ ላይ ፈርሞ ይመልሳል። የምርጫ አስፈጻሚዎች ፊርማውን በምዝገባ ጊዜ ከተሰጠው ጋር ያመሳክራሉ። ከዚያም ወረቀቱ ከኤንቨሎፑ ተለይቶ ስለሚቆጠር ማን ለማን እንደመረጠ አይታወቅም። ፊርማውን የረሳ ወይም ቀኑን ያሳለፈ መራጭ ግን ድምፁ ላይቆጠርለት ይችላል።

በአሜሪካ የኦሪጎን ግዛት ከወረርሽኙ ከብዙ ዓመታት በፊት ጀምሮ የሚመርጠው በዚህ መንገድ ነው። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው የአሜሪካ ምርጫ ከአሥር መራጮች ከአራት የማያንሱት ድምፃቸውን የሰጡት በፖስታ በተላከላቸው ወረቀት ነበር። በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ዲሲ ከተማም ለተመዘገቡ መራጮች ሁሉ ወረቀቱ በየቤታቸው ተልኳል። የከተማዋ የምርጫ ጽሕፈት ቤት የመራጮች መመዝገቢያ ቅጽ በአማርኛም ያዘጋጃል።

ደቡብ ኮሪያ ደግሞ ሁለቱን መንገዶች አጣምራለች። ሚያዝያ 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በተደረገው የምክር ቤት ምርጫ፣ በሕክምና ላይ የነበሩና አስቀድመው ያመለከቱ ታማሚዎች በፖስታ መረጡ። ምልክት ሳይታይባቸው ራሳቸውን ለይተው የቆዩ ሰዎች ሌሎች መራጮች ከወጡ በኋላ በተለየ ሰዓት መረጡ። የቀሩት መራጮች ጭንብልና ጓንት አድርገው፣ የሰውነት ሙቀታቸው ተለክቶ፣ በመካከላቸው ርቀት ጠብቀው ተሰለፉ። ከ29 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ድምፁን ሰጠ። በቀጣዮቹ 14 ቀናት ከምርጫው ጋር የተያያዘ የበሽታ መተላለፍ አለመገኘቱን የአገሪቱ የጤና ባለሥልጣናት አስታውቀዋል።

በኢትዮጵያ በፖስታ የመምረጥ ሥርዓት የለም። ይህ አሠራር የእያንዳንዱ መራጭ ቤት የታወቀ አድራሻ እንዲኖረውና ደብዳቤ እስከ በሩ እንዲደርስ ይጠይቃል፤ በኢትዮጵያ ግን ፖስታ በአብዛኛው የሚደርሰው በፖስታ ቤት በሚገኝ ሳጥን ነው። በ2013 ዓ.ም. በነበረው አሠራር መራጩ በአካል ቀርቦ ይመዘገብ፣ ካርዱን ይወስድ፣ በምርጫው ቀንም ካርዱን ይዞ ወደ ተመዘገበበት ጣቢያ ይሄድ ነበር። በሌላ አገር ኤንቨሎፑ የሚያስገኘውን መራራቅ እዚህ መራጩና አስፈጻሚው በሥርዓት ሊያስገኙት ይገባል።

ስለዚህ በወረርሽኝ ወቅት ምርጫ ሲኖር የሚከተሉትን መፈጸም ያስፈልጋል።

መራጩ ምዝገባውን ለመጨረሻዎቹ ቀናት አያቆየው። ቀኑ ሲያልቅ ሰልፉ ይረዝማል፤ ሰልፉ ሲረዝም መራራቅ ይቀራል። ትኩሳት፣ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ያለበት ሰው ወደ ጣቢያው አይሂድ፤ በ8335 ደውሎ ምክር ይጠይቅ። ምዝገባን ቀደም ብሎ መጀመር ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ የታመመ ሰው አገግሞ ለመመዝገብ ጊዜ ያገኛል።

በጣቢያው አፍና አፍንጫ በሚገባ በጭንብል ይሸፈኑ፤ በሰልፉ ላይ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ይራራቁ። ማንነትን ለማረጋገጥ ጭንብል ዝቅ ማድረግ ካስፈለገ መራጩ ወደ ኋላ ፈቀቅ ይበል፤ በዚያች ቅጽበትም ንግግር ይቁም። እስክሪብቶ ከመንካት በፊትና በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ ወይም በሳኒታይዘር ይጽዳ። አስፈጻሚዎች መስኮትና በር ከፍተው አየር ያስገቡ፤ ሰልፉም በተቻለ መጠን ከቤት ውጭ ይሁን። ለአረጋውያን፣ ለነፍሰ ጡሮችና ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ወገኖች ቅድሚያ ይሰጥ።

ከሁሉ በላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ምዝገባ ብዙ ቀናት አሉት፤ ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ግን አንድ ነው። በዚያ ቀን በቫይረሱ ተይዞ የተኛ ሰው ካርዱን በእጁ ይዞ ከቤት ይቀራል፤ ወረቀቱን የሚያመጣለት ፖስተኛም የለም። የኮሮና ቫይረስ ከተያዙበት ጊዜ አንሥቶ ምልክት እስኪያሳይ ከ2 እስከ 14 ቀናት ሊወስድ ይችላል። እንግዲህ በምርጫው ዋዜማ ሁለት ሳምንታት ውስጥ በለቅሶ ቤት፣ በሠርግ፣ በታክሲና በቅስቀሳ ስብሰባ የሚደረግ ቸልተኝነት የጎረቤትን ጤና ብቻ ሳይሆን ድምፁንም ሊነጥቅ ይችላል። በእነዚህ ቀናት የ«መ» ሕጎችን፣ ማለትም መታጠብን፣ መራራቅንና መሸፈንን የሚፈጽም ሰው የሌላውን ሰው የመምረጥ መብትም ይጠብቃል።

ስለሆነም በእንዲህ ያለ ጊዜ በጤና ላይ ያለ ሁሉ ሳይዘገይ ይመዝገብ፤ ካርዱን በጥንቃቄ ያስቀምጥ፤ እስከ ምርጫው ቀን ራሱንና ቤተሰቡን ይጠብቅ።