ከማድረቂያው በፊት ሽቦው
(በሮተርዳም በተካሄደው የአባላት ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከምሳ በኋላ ለከተማችን ጤና ጣቢያ የልብስ ማጠቢያና ማድረቂያ ስለመላክ ድምፅ እንሰጣለን። ሐሳቡን ካነሱት አንዷ እኔ ነኝ። በክረምት የማዋለጃ ክፍሉ አንሶላ ሦስት ቀን ተሰጥቶ እንደማይደርቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ሐሳቤን አልቀየርኩም፤ ግን ከዚያ ወዲህ በቤቴ የደረሰውን ሳልነግራችሁ እጄን ማውጣት ከበደኝ።

የምንኖረው እዚሁ ሮተርዳም፣ ከ1940ው የቦምብ ድብደባ ከተረፉት አሮጌ ሰፈሮች በአንዱ ነው። ቤቱ ያምራል፣ ግን እርጥብ ነው። ልብስ ሳሎን እየሰቀልን ግድግዳው ሻገተ፤ ትንሿ ልጄም ማሳል ጀመረች። ያገለገለ ማድረቂያ በርካሽ ገዛሁና እንደዚህ አገር ልማድ ጣሪያው ሥር ካለችው ክፍል፣ ከማጠቢያው አጠገብ አስቀመጥነው። እዚያ ያለው ሶኬት አንድ ብቻ ነው። ባለቤቴ ከመኝታ ቤት ባለጥቅል ኤክስቴንሽን ስቦ አገናኘውና "ይኸው ሠራ!" አለ። እውነትም ሠራ፤ ለሦስት ሳምንት።

አንድ ማለዳ ከሌሊት ተረኛነት ስመለስ ደረጃው ላይ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ጥቅሉ መሀሉ ቀልጦ እርስ በርሱ ተጣብቋል። ማድረቂያው አሁንም ይዞራል። ልጆቹ ከዚያው በር አጠገብ ተኝተዋል። ያን ቀን ነቅዬ ከጣልኩት በኋላ እጄ ሲንቀጠቀጥ ቆየ፤ ሆስፒታል ውስጥ እንዲያ ሆኜ አላውቅም።

በማግስቱ ከዴን ሃግ አንድ ወንድማችን መጣ። በኤሌክትሪክ ሥራ እዚህ አገር የተመሰከረለት ነው። ቡና እንኳ ሳይጠጣ ሜተርካስቱን፣ ማለትም ቆጣሪው ያለበትን ቁም ሳጥን ከፈተ። "እህቴ፣ ሁለቱም ሶኬቶች ከአንድ መስመር ነው የወጡት። መስመሩ የሚችለው 16 አምፔር ነው፤ በ230 ቮልት 3,680 ዋት ማለት ነው። ማድረቂያሽ 2,500 ይወስዳል፤ ማጠቢያው ውሃ ሲያሞቅ 2,000። ደምሪው።" ታዲያ ፊውዙ ለምን አልቆረጠም? አልኩት። "ትንሽ ሲበዛበት ቶሎ አይቆርጥም። ደግሞም ፊውዙ የሚጠብቀው የግድግዳውን ሽቦ ነው፤ የአንቺን ኤክስቴንሽን አያውቀውም። ሽቦ ተጠቅልሎ ሲሠራ ሙቀቱ መውጫ ያጣል።"

ከዚያ የመኝታ ቤቱን ሶኬት ፈታው። ሁለት ሽቦ፣ አረንጓዴና ቀይ። ባለቤቴ "አረንጓዴው ኧርዝ ነው" አለ። ወንድማችን ቴስተሩን አረንጓዴው ላይ ሲያደርግ በራ። ለካ በሆላንድ እስከ 1970 አካባቢ አረንጓዴው ፌዝ፣ ቀዩ ኒውትራል ነበር! ዛሬ ፌዙ ቡናማ፣ ኒውትራሉ ሰማያዊ፣ ኧርዙ ቢጫና አረንጓዴ ነው። ባለቤቴ በዚያው ቅዳሜ ሶኬቱን ራሱ ሊቀይር አስቦ ስለነበር ወንበር ስቦ ቁጭ አለ።

ኧርዝ ደግሞ ጭራሽ የለም። በድሮ ቤቶች ኧርዙ ከውሃ ቧንቧ ጋር ይታሰር ነበር፤ የብረቱ ቧንቧ በፕላስቲክ ሲቀየር ኧርዙ ማንም ሳያውቅ አብሮ ይጠፋል። 30 ሚሊ አምፔር ሲያፈስ የሚቆርጠው መሣሪያም በአዲስ ቤቶች ግዴታ የሆነው በ1975 ነው፤ የእኛ ቤት ከዚያ በፊት የተሠራ ነው። ነርስ ነኝና ያ ቁጥር ለምን ያን ያህል ትንሽ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ልብን ለማወክ ብዙ ኤሌክትሪክ አያስፈልግም።

መፍትሔው ከቆጣሪው እስከ ጣሪያ ድረስ ለማድረቂያው ብቻ የሆነ መስመር ነበር፤ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሦስት ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር፣ የሚያፈሰውን የሚቆርጥ መሣሪያ፣ መሬት ውስጥ የተመታ የኧርዝ ዘንግ። ሁለት ቀን ፈጀ፤ ከማድረቂያው ዋጋ ሦስት እጥፍ በላይ ወጣብን። አምስተርዳምና ዴን ሃግ አሮጌ አፓርታማ የተከራያችሁ፣ ዛሬ ማታ ሜተርካስታችሁን ክፈቱና እዩ። የሸክላ ፊውዝ ካገኛችሁ ሳትነኩ አከራያችሁን ጠይቁ።

ወደ ጤና ጣቢያችን ልመለስ። የዚህ አገር ሶኬት መሰኪያ እዚያም ይገባል፤ ቮልቱም ተቀራራቢ ነው። የሚያታልለውም ይኸው ነው። ባለፈው ሳምንት ለኃላፊው ደውዬ ማድረቂያው የት እንደሚሰካ ብጠይቃቸው "ከማዋለጃ ክፍሉ በዲቫይደር እንስባለን" አሉኝ። ያ ሶኬት የኦክስጅን ማሽኑ የሚሰካበት ነው።

ስለዚህ የምለምናችሁ፣ ማሽን ከመግዛታችን በፊት እዚያው ያለ ባለሙያ መስመሩን አይቶ ዋጋ እንዲያወጣ ነው። ኧርዙም በበጋ ይለካ፤ በክረምት እርጥብ መሬት ላይ ጥሩ የሚመስል ኧርዝ፣ ድንጋያማው አፈር ሲደርቅ ሊከዳ ይችላል። ማድረቂያውም በሙቀት ፓምፕ የሚሠራው ይሁን፤ አብዛኛው ከ1,000 ዋት በታች ነው የሚወስደው። ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ፣ እኔ በበኩሌ ማድረቂያው ለከርሞ ይቆይና ዘንድሮ ጎኑ ክፍት፣ ላዩ ቆርቆሮ የሆነ ማስጫ ይሠራ ባይ ነኝ። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ወንድማችን ከኋላ ተቀምጧል፤ ጥያቄ ያላችሁ በምሳ ሰዓት ያዙት።