«አልተኛም» የሚል ሕፃንና የምሽቱ አደራ



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ እዝነትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የየቲም እናቶችና አሳዳጊዎች፤

ስለ የቲም ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ ስለ ቀለብ፣ ስለ ልብስና ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ እንነጋገራለን። ዛሬ ግን በየምሽቱ በየቤቱ ስለሚደርስ፣ በሪፖርት ላይ ግን ስለማይጻፍ አንድ ጉዳይ ልናነሣ ወደድን። የሁለት ዓመት ሕፃን በመኝታ ሰዓት «አልተኛም» ብሎ ሲያለቅስ፣ ከአልጋው እየወረደ የእናቱን ቀሚስ ሙጭጭ አድርጎ ሲይዝ ምን እናድርግ? ነገሩ ለሰሚ ቀላል ይመስላል። ቀኑን ሙሉ ስትሠራ ውላ ለገባች እናት ግን ቀላል አይደለም። በሁለት ሰዓት ያልተኛ ሕፃን አራት ሰዓት ሲሆን ይጮኻል፤ እናት ትቆጣለች፤ ታላላቆቹ ከእንቅልፋቸው ይነቃሉ፤ ሲነጋም ሁሉም ደክሞት ይነሣል።

እንቅልፍ የአላህ ጸጋ ነው። ቅዱስ ቁርኣን በሱረቱ ሩም 23ኛው አንቀጽ ከአላህ ተአምራት መካከል ይቆጥረዋል። ለሕፃን አካልና አእምሮ ደግሞ አስፈላጊነቱ ከምግብ አያንስም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2019) ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለ ሕፃን የቀኑን እንቅልፍ ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ ከ3 እስከ 4 ዓመት ያለው ደግሞ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት ይገባዋል። እንቅልፍ ይህን ያህል የሚያስፈልገው ልጅ ስለ ምን ይሸሸዋል?

ለትልቅ ሰው መተኛት ዕረፍት ነው፤ ለሁለት ዓመት ሕፃን ግን መለያየት ነው። ዓይኑን ሲጨፍን የእናቱ ፊት ይጠፋል፤ መብራት ሲጠፋ ቤቱ ይጠፋል። «ነገ» የሚለውን ቃል ገና መለካት አይችልም። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ከሚወደው ሰው መለየትን መፍራቱ የጤናማ እድገት ምልክት እንጂ የባለጌነት ምልክት አይደለም። አባቱን ወይም እናቱን ያጣ ልጅ ደግሞ ከሌሎች ሕፃናት ይልቅ የሚፈራበት ምክንያት አለው፤ ሰው ከቤት ወጥቶ እንደሚቀር አይቷልና። ስለዚህ እንዲህ ያለው ልጅ «አልተኛም» ሲል ብዙ ጊዜ «ስነቃ አገኝሻለሁን?» ማለቱ ነው። ዛሬ የምንናገረው ሁሉ ለዚህች ጥያቄ በየምሽቱ በተግባር መልስ ስለ መስጠት ነው።

ከሁሉ አስቀድመን ስለ አንደበታችን እንናገር። አማርኛችን ሞትን በእንቅልፍ ቃል ይሸፍናል። ሰው ሲሞት «ዐረፈ» እንላለን፤ «አሸለበ» እንላለን። ይህ ለትልቅ ሰው ጨዋነት ነው። ሕፃን ግን ቃልን እንደ ሰማው ይወስዳል። በለቅሶው ሰሞን «አባትህ ተኝቷል» የተባለ ልጅ፣ ማታ «ና ተኛ» ሲባል ምን ይሰማዋል? አባቱ ተኝቶ አልተነሣም። «መንገድ ሄዷል፣ ይመጣል» የተባለው ደግሞ ዓይኑን ከበሩ ላይ ነቅሎ እንዴት ይተኛ? ልብን ቢከብድም እውነቱን በአጭር ቃል መንገር ይሻላል፦ «አባትህ ሞቷል። ከእንግዲህ ወደ ቤት አይመጣም። እኛ ግን አለን። አንተ ተኝተህ ጧት ትነሣለህ።» ልጁ ይህን ደጋግሞ ይጠይቃል፤ እኛም በዚያው ቃል ደጋግመን እንመልስለት። ለእንቅልፍ «መተኛት»፣ ለሞት «መሞት» የሚለውን ቃል ለይተን እንጠቀም።

ከዚህ ጋር ልንተዋቸው የሚገቡ ልማዶች አሉ። የመጀመሪያው ማስፈራራት ነው። «ጅብ መጣ»፣ «አያ ጅቦ ይውሰድህ»፣ ከሁሉም የከፋው «ካልተኛህ ጥዬህ እሄዳለሁ» ማለት ሕፃኑን ለጊዜው ዝም ያሰኘው ይሆናል፤ ዝም ያለው ግን በፍርሃት ነው፤ ፍርሃት ደግሞ እንቅልፍን ያባርራል። ሁለተኛው ልጁ ሸለብ ሲያደርገው ሹልክ ብሎ መውጣት ነው። ሲነቃ ማንንም ያላገኘ ልጅ በነጋታው ማታ ዓይኑን እንዳይከድን ይታገላል። ሦስተኛው ለማስተኛት ሲባል የሳል ወይም የአለርጂ ሽሮፕ መስጠት ነው። ይህ የሕፃንን አተነፋፈስ ሊጎዳ የሚችል አደጋ ነውና ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከቶ አይደረግ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሕፃን ሰዓት አያነብም፤ ቅደም ተከተልን ግን ያነባል። በየምሽቱ አንድ ዓይነት ነገር በአንድ ዓይነት ተራ ሲሆን ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃል፤ የሚያውቀውንም አይፈራም። የእኛ ቤት ለዚህ ተራ የተዘጋጀ መሠረት አለው፤ እርሱም ሶላት ነው። መግሪብ ከተሰገደ በኋላ እራት ይቀርባል። አንድ ሰዓት ገደማ ፊቱና እግሩ ይታጠባል፤ ሽንት ቤት ይደርሳል፤ የሌሊት ልብሱን ይለብሳል። ቴሌቪዥንና የእጅ ስልክ መኝታ ከመድረሱ አንድ ሰዓት በፊት ይዘጉ፤ ብርሃናቸው እንቅልፍ አምጪውን ሆርሞን ያዘገያልና። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከዒሻ በኋላ ወግ ማብዛትን አይወዱም ነበር፤ ይህ ሱና ለሕፃኑም ለቤተሰቡም የጸጥታ በር ይከፍታል። የክፍሉ መብራት ደብዘዝ ይበል። ነገር ግን ሻማ ወይም ኩራዝ ለኩሶ መተኛት አይገባም፤ በመኝታ ጊዜ እሳት እንዲጠፋ ነቢያችን አዘዋልና።

ቀጥሎ እናት ወይም አሳዳጊ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሱረቱል ኢኽላስን፣ ሱረቱል ፈለቅንና ሱረቱ ናስን ትቅራ፤ በመዳፏ ላይ እፍ ብላ የልጁን ራስና ሰውነት ታብስ። ነቢያችን ሲተኙ ለራሳቸው እንዲህ ያደርጉ ነበር፤ ለሐሰንና ለሑሰይንም የአላህን ጥበቃ ይለምኑላቸው ነበር። ከዚያ አንዲት አጭር ተረት ወይም ዝቅ ባለ ድምፅ እሹሩሩ ይከተላል። ተረቷ አንዲት ትሁን፤ «ሌላ ጨምሪ» ሲል በእርጋታ «ነገ ማታ» ይባል። የሟች እናቱን ሻሽ ወይም የአባቱን ፎጣ ይዞ መተኛት የሚወድ ልጅ ቢኖር አንከልክለው። ጨርቁ ትንሽና ስስ ይሁን፤ አንገቱ ላይ እንዳይጠመጠም ግን እንጠንቀቅ።

ከዚህ በኋላ የመለያየቱ ሰዓት ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጁ እስኪተኛ ድረስ እጅን ደረቱ ላይ አድርጎ መቀመጥ ይገባል። ከሦስት አራት ቀን በኋላ እጅን አንሥቶ በአጠገቡ መቀመጥ፤ ከዚያ ራቅ ብሎ፤ ከዚያ በሩ አጠገብ መሆን ይቻላል። ብዙዎቻችን የምንኖረው በአንድ ክፍል ነው፤ ይህ ጉድለት አይደለም። እናት ዒሻን እዚያው አልጋው አጠገብ ብትሰግድ፣ ሕፃኑ የተክቢራዋን ድምፅ እየሰማና ጥላዋን እያየ ያሸልባል። ከክፍሉ መውጣት ካለባትም «ዕቃ አጥቤ እመለሳለሁ» ትበለውና ሳይተኛ ትመለስ። የተናገሩትን ጠብቆ መመለስ ለሕፃን ከማንኛውም ማባበያ ይበልጣል፤ ሰው ሄዶ እንደሚመለስ የሚማረው በዚህ ነው።

ከአልጋው ቢወርድ ሳይቆጡ፣ ሳይስቁና ጨዋታ ሳይጀምሩ መልሶ ማስተኛትና «የመኝታ ሰዓት ነው፤ እኔ አለሁ» ማለት ነው። አሥር ጊዜ ቢነሣ አሥር ጊዜ ያው ቃል ይነገረው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በሶላት ላይ ሳሉ የሕፃን ልቅሶ ሲሰሙ ለእናቱ በማዘን ሶላታቸውን ያሳጥሩ ነበር። የሕፃን ልቅሶ ጀመዓን የሚያሳጥር ከሆነ እኛ «ይልቀስና ይውጣለት» የምንልበት ምን ምክንያት አለን?

ምሽቱን ያማረ የሚያደርገው ውሎው ነው። ልጁ ጧት በተመሳሳይ ሰዓት ይነሣ፤ ቀን በደጅ ይጫወት፤ የቀን እንቅልፉ ከዘጠኝ ሰዓት አይለፍ። በቤታችን ለሕፃን ሻይ መስጠት የተለመደ ነው፤ ሻይና ቡና ግን እንቅልፍ ይነሣሉ፤ ሻይ በተጨማሪ ሰውነት ከምግብ ብረት እንዳይወስድ ያውካል። በረመዳን አፍጡርና ተራዊሕ ቤቱን ሲያመሻሹት፣ ትልልቆቹ በተራ እየቀሩ የሕፃኑን የመኝታ ሥርዓት ቢጠብቁ መልካም ነው። ከአክስት ቤት ወደ አያት ቤት የሚዘዋወር ልጅም ቢሆን፣ ብርድ ልብሱ፣ የሚቀራለት ሱራና የሚነገረው ቃል አብረውት ይዘዋወሩ። ሆኖም ልጁ በእንቅልፉ እያንኮራፋ ትንፋሹ ቆም የሚል ከሆነ፣ ጆሮውን እየያዘ የሚያለቅስ ከሆነ፣ ወይም ለሳምንታት መብላትና መጫወት ከተወ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል።

የተከበራችሁ ለጋሾች፤

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው «ይህ የእናት ሥራ ነው፤ የእኔ ገንዘብ ምን ያደርጋል?» ይል ይሆናል። እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት እንጀራ የምትሸጥ እናት መግሪብ ላይ ልጇን ልታጥብ አትችልም። ሕፃኑን የሚያስተኛው የሰባት ዓመት ወንድሙ ነው፤ እርሱ ደግሞ የሚያውቀው ማባበያ «ጅብ መጣ» ነው። ስለዚህ በየወሩ የምትሰጡት ገንዘብ ዱቄትና ደብተር ብቻ አይገዛም፤ ለዚያች እናት ሁለት የምሽት ሰዓት ይገዛል። ከዕርዳታ ሁሉ ይህ በዓይን የማይታየው ነው። ሆኖም አንድ ሕፃን «ስነቃ አገኝሻለሁን?» ብሎ ሲጠይቅ «አዎን» የምትለው እናቱ በአጠገቡ እንድትሆን የሚያደርገው ይኸው ነው።

አሳዳጊዎች ሆይ፤ ይህ ሥርዓት በአንድ ሌሊት ፍሬ አይሰጥም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልቅሶው ሊብስ ይችላል፤ አንዳንድ ጊዜም ከተሻለው በኋላ ይመለስበታል። ሶብር ያስፈልጋል። እናንተም ደክሟችኋል፤ ሐዘኑ የእናንተም ነው። ዘመድና ጎረቤት በሳምንት አንድ ሁለት ምሽት ቢያግዛችሁ እሺ በሉ፤ ማገዝ የሚችልም ሳይጠየቅ በሩን ያንኳኳ።

አላህ (ሱ.ወ) የልጆቻችንን ሌሊት የሰላም ያድርግልን፤ ያጡትን በእዝነቱ ይካሳቸው፤ ለእናቶቻቸው ሶብርን፣ ለለጋሾቻቸው በረካን ይስጥ። አሚን።