ከቦሌ የሚነሣ ስንቅ

በሰኔ ማብቂያ ክረምቱ ገብቶ ከቦሌ እስከ ገርጂና አያት ያለው የአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል በዝናብ ሲርስ፣ በአሜሪካና በካናዳ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በአንጻሩ የሙቀቱ ወራት ስለሚሆንላቸው ከቤታቸው ወጥተው ይሰባሰባሉ፤ ከመሰባሰቦቹም ዋነኛው እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ የሚያዘጋጀው ዓመታዊ የእግር ኳስ ውድድር ነው። በስሙ የስፖርት በዓል ይሁን እንጂ፣ ከጨዋታው ይልቅ በስታዲየሙ ዙሪያ በሚተከሉት ድንኳኖች ሥር የሚሆነው ይበልጥ ሊጤን ይገባዋል፤ ለዓመታት ተጠፋፍተው የቆዩ አብሮ አደጎች እዚያ ተገናኝተው ከአንድ ትሪ ይቆርሳሉ፤ ጉርሻም፣ ማለትም በገዛ እጅ ጠቅልሎ ሌላውን ማጉረስ፣ እያንዳንዱ በየሳህኑ በሚመገብበት አገር ለተወለዱ ልጆች ዝምድናን በቃል ከሚሰጥ ትምህርት በላይ ያስጨብጣል።

ለዚህ ማዕድ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሣው ድርሻ ቀላል አይደለም፤ መንገደኛው በሻንጣው በርበሬ፣ ሽሮና ድርቆሽ፣ ማለትም እንዲቆይ ተብሎ የደረቀ እንጀራ፣ ይይዛል፤ በእርሾ ቦክቶ የተጋገረ የጤፍ እንጀራም በአውሮፕላን ጭነት ይላካል። በርበሬውን ቀንጥሰው፣ ደልዘውና አስፈጭተው ስንቁን የሚያዘጋጁት ግን እዚሁ የቀሩት እናቶችና እኅቶች ናቸው።